ብረቱን በእሳት መካከል የሚጠብቀው ነፋስ

አንጥረኛ ብረትን ለማለስለስ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ እጁን የሚዘረጋው ወደ ወናፉ ነው። ፍም ነፋስ ካላገኘ አመድ ለብሶ ያንቀላፋል፤ ነፋስ ባገኘ ጊዜ ግን ነቅቶ ይነድዳል፤ ብረቱም ቀልቶ እንደ ሰም ይለሰልሳል። ስለዚህ ነፋስ የእሳት ረዳት፣ የብረትም አድካሚ መሆኑን ከጥንት ጀምሮ ያልተረዳ የለም። ዛሬ የምንጽፍለት መኪና ግን ይህን የቆየ ዕውቀት በሌላ ፊቱ ያሳየናል። በዚህ መኪና ውስጥ አንዱ ነፋስ ለሁለት ይከፈላል፤ የሚበዛው ክፍል ወደ እሳቱ ገብቶ ያነድደዋል፤ የቀረው ክፍል ደግሞ በዚያው እሳት መካከል የቆመውን ብረት ከመቅለጥ ይጠብቀዋል። አቀጣጣዩም ጠባቂውም ያው አንዱ ነፋስ ነው።

መኪናው የጋዝ ተርባይን ይባላል። ከቦሌ ተነሥቶ በጄት አይሮፕላን ባሕር የተሻገረ ሰው ሁሉ በዚህ መኪና ኃይል ተጉዟል፤ ድምፁንም ሰምቷል። ነገር ግን በመስኮት አሻግሮ ከሚያየው ሰፊ የሞተር አፍ ጥቂት ክንድ ወደ ውስጥ ቢገባ፣ የሰው ጣት በሚያህሉ ብረቶች ላይ ብረት የሚያቀልጥ እሳት ያለ ዕረፍት ሲነፍስባቸው በተመለከተ ነበር። እነርሱም አይቀልጡም። እንዴት እንደማይቀልጡ፣ ስለ አለመቅለጣቸውም ምን ዋጋ እንደሚከፈል ለአንባቢዎቻችን መግለጽ የዚህ ጽሑፍ አሳብ ነው። ነገሩ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ መስሎ ቢታይም፣ ሀብትን መቈጣጠርና ጥፋትን አስቀድሞ መከላከል በአደራ የተሰጣቸው ሰዎች ሁሉ ሊያስቡበት የሚገባ ቁም ነገር አለበት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ተርባይን ማለት በሚፈስ ነገር ኃይል የሚዞር መዘውር ማለት ነው። በወንዝ ዳር የሚታየው የውኃ ወፍጮ የዚህ ዘር ነው፤ በአዋሽ ወንዝ ላይ በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ መዘውሮችም የውኃ ተርባይኖች ናቸው። በጋዝ ተርባይን ግን መዘውሩን የሚያዞረው ውኃ ሳይሆን የጋለ ጋዝ ነው። ሥራውም በሦስት ክፍል ይፈጸማል። በፊተኛው ክፍል ኮምፕረሰር የሚባለው መሣሪያ ከውጭ የሳበውን አየር ያምቀዋል፤ በዛሬዎቹ ታላላቅ የአይሮፕላን ሞተሮችም ግፊቱን 40 እጥፍና ከዚያ በላይ ያደርሰዋል። በመካከለኛው ክፍል በታመቀው አየር ላይ ነዳጅ እየተረጨ ይነድዳል። በኋለኛው ክፍል የነደደው ጋዝ እየተስፋፋ ሲወጣ በመዘውሩ ዙሪያ የተተከሉትን ምላጮች እየገፋ ያዞራቸዋል። እነዚህን ምላጮች የሞተር ሠራተኞች ብሌድ ይሏቸዋል። መዘውሩም በዘንግ ከኮምፕረሰሩ ጋር ተያይዟልና ከኃይሉ ከፍሎ እርሱን ያዞራል፤ የተረፈው ኃይል አይሮፕላኑን ይነዳል፣ ወይም በኤሌክትሪክ ማመንጫ ቤት ውስጥ ብርሃን ይሆናል።

ከሙቀት የሚገኘው ሥራ በሞቃቱና በቀዝቃዛው መካከል ባለው ልዩነት የሚወሰን መሆኑን ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ በ1824 ባሳተሙት መጽሐፍ አስረድተው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሞተር ሠሪዎች ሁሉ ምኞት አንድ ነው፤ ግፊቱንና ሙቀቱን አብረው ከፍ በማድረግ ከአንዱ ሊትር ነዳጅ ብዙ ሥራ ማግኘት ነው። ዳሩ ግን እሳቱ ከፍ ባለ ቍጥር እሳቱን የሚቀበለው ብረት መከራው ይጸናል። የጋዝ ተርባይን ታሪክ በሙሉ የዚህ ምኞትና የዚህ መከራ ክርክር ነው ቢባል ሐሰት አይደለም።

የእንግሊዙ መኰንን ፍራንክ ዊትል የጄት ሞተር አሳባቸውን በ1930 አስመዘገቡ፤ የሠሩትም ሞተር በሚያዝያ ወር 1937 ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረ። ይሁን እንጂ በጄት ሞተር ብቻ የሚበር አይሮፕላን አስቀድሞ የተነሣው ሃንስ ፎን ኦሃይን በሠሩት ሞተር በነሐሴ ወር 1939 በጀርመን አገር ነው። የእንግሊዞቹ የተነሣው በግንቦት ወር 1941 ነበር። ሁለቱም ወገኖች ወዲያው የተጋፈጡት ችግር ያው የምላጩ ብረት ነው። እንግሊዞች ኒኬል ማግኘት ይችሉ ነበርና ኒሞኒክ የተባለውን እሳት የሚታገሥ ቅልቅል ብረት አበጁ። ጀርመኖች ግን ጦርነቱ በጸና ጊዜ ኒኬልና የመሰሉት ማዕድናት አነሷቸው። ስለዚህ አንሰልም ፍራንትስ በሚባሉት መሐንዲስ መሪነት በተሠራው ዩሞ 004 በተባለው ሞተር ላይ ምላጩን ከስስ ብረት አጥፈው ውስጡን ባዶ አደረጉት፤ በባዶውም ውስጥ አየር አሳለፉበት። እጦት ይህን ብልሃት አስተማረቻቸው። የዚያ ሞተር ዕድሜ ከ10 እስከ 25 ሰዓት ብቻ ነበር፤ ይሁን እንጂ ምላጭን በውስጡ በሚያልፍ ነፋስ የመጠበቅ አሳብ ከጦርነቱ በኋላ አልቀረም። ከዚያም ወዲህ ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ፤ የተሻለው ብረትና የውስጡ ነፋስ በአንድ ምላጭ ላይ አብረው ይሠራሉ።

ዛሬ ነገሩ የደረሰበትን ደረጃ ቍጥሮቹ ይናገራሉ። የምላጩ ቅልቅል ብረት መቅለጥ የሚጀምረው 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ወደ ተርባይኑ የሚገባው ጋዝ ግን በታላላቆቹ ሞተሮች 1,500 ዲግሪን ያልፋል፤ የጃፓኑ ሚትሱቢሺ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የሠራው ጄ የተባለው ዐይነት ተርባይን ደግሞ በ1,600 ዲግሪ እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው። እንግዲህ ምላጩ የሚኖረው እርሱን ራሱን ከሚያቀልጠው ሙቀት በብዙ መቶ ዲግሪ በሚበልጥ ጋዝ ውስጥ ነው። መከራው ግን በሙቀት ብቻ አያበቃም። 300 ግራም የሚመዝን ምላጭ ከመዘውሩ መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ርቆ ተተክሎ በደቂቃ 12,000 ጊዜ ይዞራል እንበል። ሒሳቡ ቢሰላ ምላጩን ወደ ውጭ የሚጐትተው ኃይል 19 ቶን ያህል ይሆናል። በመዳፍ ውስጥ የሚገባ ብረት ጭነት የተጫነ የጭነት መኪና ተንጠልጥሎበት በእሳት ውስጥ እንደሚሮጥ ያህል ነው። በእንዲህ ያለ ጉተታ ላይ የጋለ ብረት ባይቀልጥም እንኳ ቀስ በቀስ ይለጠጣል። የምላጩ ሙቀት መሐንዲሱ ካሰበው በ30 ዲግሪ ብቻ በልጦ ቢገኝ የምላጩ ዕድሜ በግማሽ ሊያጥር ይችላል።

ታዲያ የሚጠብቀው ነፋስ ከወዴት ይመጣል? ከራሱ ከኮምፕረሰሩ ነው። ከታመቀው አየር ከፊሉ እሳቱን ሳያይ በጐን በኩል ተከፍሎ በመዘውሩ ሥር ወደ ምላጮቹ ይገባል። አንባቢ ይህ ነፋስ ቀዝቃዛ ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን አይደለም። የብስክሌት ጎማ በእጅ የነፋ ሰው መንፊያው እንደሚሞቅ ያውቃል፤ አየር ሲታመቅ ይግላልና። በ40 እጥፍ የታመቀ አየር ከ600 ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ ይህም እርሳስን የሚያቀልጥ ሙቀት ነው። እንግዲህ ጠባቂው ራሱ የጋለ ነው፤ ጠባቂነቱም ከሚጠብቀው ብረት ጥቂት በመቀዝቀዙ ብቻ ይገኛል።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። በዛሬዎቹ ሞተሮች ለዚህ ሥራ የሚከፈለው አየር ወደ ሞተሩ እምብርት ከሚገባው ከመቶ 20 እጅ ያህልና አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ነው። ይህ ማለት ሞተሩ ከትንፋሹ ሁለት አሥራት ይከፍላል ማለት ነው። ያ አየር ነዳጅ አላነደደም፤ እርሱን ለማመቅ ግን ብዙ ኃይል ወጥቷል። ስለዚህ በከንቱ የፈሰሰ ጥበቃ ነዳጅ ያስባክናል፤ የጐደለ ጥበቃ ደግሞ ምላጭን ያጠፋል። የጥበቡ ሁሉ ቁም ነገር በጥቂት ነፋስ ብዙ ሙቀት ማንሣት ነው። ይህም እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ነፋስ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ሲያልፍ የሚያደርገውን ማወቅ ያስፈልጋል።

በማንቸስተር ከተማ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ኦዝቦርን ሬይኖልድስ በ1883 አንድ ቀላል ምርመራ ገለጹ። በመስተዋት ቧንቧ ውስጥ ውኃ እያሳለፉ በመካከሉ ቀለም ያለው ቀጭን ጅረት ለቀቁበት። ውኃው ቀስ ብሎ ሲሄድ ቀለሙ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ሄደ። ውኃው ሲፈጥን ግን ክሩ ድንገት ተበጥሶ ተዘበራረቀና ቧንቧውን ሁሉ ሞላው። ፍሰት ሁለት ጠባይ እንዳለው፣ ይኸውም ጸጥተኛና ሁከተኛ እንደሆነ፣ በዚህ ተገለጠ። ቀጥሎም በ1904 ጀርመናዊው ሉድቪግ ፕራንትል በሃይደልበርግ በተደረገው የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ ሌላ ነገር አስረዱ፤ የሚፈስ ነገር ምንም ቢፈጥን ግድግዳውን የሚነካው ክፍሉ እንደ ቆመ ይቀራል፤ ከእርሱም በላይ ስስ የሆነ የዘገምተኛ ፍሰት ድርብ አለ።

ይህ ስስ ድርብ ለምላጩ ጠላት ነው። ጋቢ የሚያሞቀን ክሩ ሙቀት ስለሚሰጠን አይደለም፤ በክሩ መካከል የያዘው የማይንቀሳቀስ አየር የገላችንን ሙቀት እንዳይወጣ ስለሚከለክለው ነው። እንደዚሁም ለስላሳ በሆነ መተላለፊያ ውስጥ ነፋስ ሲያልፍ በግድግዳው ላይ የሚቀረው ዘገምተኛ አየር ለጋለው ብረት ጋቢ ይሆንለታል። በመካከል የሚሮጠው ነፋስ ሙቀቱን ሳይነካ ያልፋል፤ ብረቱም በጋቢው ተሸፍኖ ይግላል። እንግዲህ መሐንዲሱ ብዙ ነፋስ ከመጨመሩ በፊት አስቀድሞ ይህን ጋቢ መግፈፍ ይገባዋል።

የሚገፈፍበትም ብልሃት ቀላል ሆኖ የሚያስደንቅ ነው። በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ትናንሽ ሸንተረሮች በየመጠኑ ይደረደራሉ። በክረምት ወንዝ ላይ ድንጋይ ሲያጋጥመው ውኃው ዘልሎ፣ ተገልብጦ፣ ከድንጋዩ ባሻገር እንደገና ወደ ታች እንደሚወርድ፣ ነፋሱም ሸንተረሩን ዘልሎ ከዚያ ወዲያ ግድግዳውን ይመታል፤ በዚያም ቦታ የቆመውን አየር ጠራርጎ አዲስ አየር ያመጣል። የሸንተረሩ ቁመት ከመተላለፊያው ወርድ አንድ አሥረኛ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ይሆናል፤ በአንዱና በሁለተኛው መካከል ያለው ርቀትም ብዙ ጊዜ የቁመቱ አሥር እጥፍ ይደረጋል። እጅግ ቢቀራረቡ ነፋሱ ግድግዳውን ሳይነካ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ እየዘለለ ያልፋል፤ እጅግ ቢራራቁ ደግሞ ጋቢው በመካከሉ ተመልሶ ይለብሳል። ሸንተረሮቹ በነፋሱ ፊት ቀጥ ብለው ከሚጋደሙ ይልቅ በ45 ወይም በ60 ዲግሪ ቢያጋድሉ ነፋሱ እንደ ገመድ እየተፈተለ ይሄዳልና ሙቀት የማንሣት ኃይሉ ይበረታል። በዚህ መንገድ የሚነሣው ሙቀት ለስላሳ ግድግዳ ከሚያነሣው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ይህም ያለ ዋጋ አይደለም፤ ነፋሱ በየሸንተረሩ ግፊቱን እያጣ ይሄዳል፤ ኪሳራውም ከትርፉ በሚበልጥ እጥፍ የሚያድግበት ጊዜ አለ። ግፊቱ ፈጽሞ የደከመ ነፋስ ደግሞ ከምላጩ መውጣት ስለማይችል የውጪው እሳት ወደ ውስጥ ይገባበታል።

የምላጩ ውስጥ እንግዲህ ክፍሎች ያሉት ቤት ይመስላል። እሳቱን ፊት ለፊት በሚቀበለው በግንባሩ በኩል ነፋሱ በትናንሽ ቀዳዳዎች ተወርውሮ የውስጡን ግድግዳ እንደ ፏፏቴ ይመታዋል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚግለው ቦታ እርሱ ነውና። በመካከለኛው ክፍል መተላለፊያው ወደ ላይ ወጥቶ፣ በጫፍ ተጠምዝዞ፣ ወደ ታች ተመልሶ፣ እንደገናም ወጥቶ እንደ እባብ ይሄዳል፤ ሸንተረሮቹም የሚገኙት በዚህ ውስጥ ነው። በኋለኛው ጠርዝ ምላጩ እጅግ ስለሚሳሳ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ትናንሽ ዓምዶች ይተከላሉ፤ እነርሱም ስሱን ግድግዳ ደግፈው ይይዛሉ፣ ነፋሱንም ያውካሉ። ከዚያ በኋላ ነፋሱ ዲያሜትራቸው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ይወጣና በምላጩ ገላ ላይ እንደ ስስ መጋረጃ ይዘረጋል፤ እሳቱም ብረቱን ከመንካቱ በፊት መጋረጃውን ያገኛል። በዚህም ልክ ያስፈልጋል፤ በኃይል የወጣ ነፋስ ከገላው ተነሥቶ ወደ እሳቱ ይሰወራል፤ በቀስታ የወጣው ግን በገላው ላይ ይተኛል። በ1974 ጎልድስቲንና ኤከርት ከባልደረባቸው ጋር ባወጡት ምርመራ፣ የቀዳዳው አፍ እንደ መለከት ሰፋ ቢደረግ መጋረጃው ይበልጥ እንደሚጸና አሳይተዋል።

ይህ ሁሉ በቆመ ምላጭ ላይ ቢሆን ኖሮ ሥራው በቀለለ ነበር። ምላጩ ግን ይዞራል፤ መዞሩም ነፋሱን ከመንገዱ ያጣምመዋል። በሚዞር የወፍጮ ድንጋይ መካከል የቆመ ጉንዳን ወደ ዳር ለመሄድ ቢነሣ፣ ዳሩ ከመካከሉ ይልቅ ይፈጥናልና ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከዳር ወደ መካከል ቢመለስ ደግሞ ድንጋዩን ቀድሞ ይገኛል። ይህን ጠባይ በ1835 በሒሳብ የገለጹት ፈረንሳዊው ኮሪዮሊስ ናቸው። በምላጩ ውስጥም ወደ ላይ የሚወጣው ነፋስ ወደ ኋለኛው ግድግዳ ይጠጋል፤ ወደ ታች የሚመለሰውም ወደ ፊተኛው ይጠጋል። ስለዚህ አንዱ ግድግዳ ጥበቃው ሲበዛለት ማዶ ያለው ይራቆታል። በ1980ዎቹ ዓመታት በአሜሪካው የጠፈር ድርጅት በናሳ ድጋፍ መተላለፊያዎችን እያዞሩ የመረመሩ ሊቃውንት፣ በተራቈተው ግድግዳ ላይ የሚነሣው ሙቀት በቆመበት ጊዜ ከሚነሣው ከግማሽ በታች ሊወርድ እንደሚችል አገኙ። በቆመ ነገር ላይ ብቻ ተመርምሮ የተሠራ ምላጭ እንግዲህ በሥራው ቦታ ሊያታልል ይችላል ማለት ነው። ነገርን በሚሠራበት ሁኔታ መመርመር እንጂ በጠረጴዛ ላይ ጸጥ ብሎ ሳለ ብቻ መመርመር እንደማይበቃ ለሌላውም ሥራ ትምህርት ይሆናል።

መተላለፊያው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስፋት ያለው ሲሆን በውስጡ የሚሆነው እንዴት ይለካል ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። ሊቃውንቱ መተላለፊያውን አጉልተው ይሠሩታል። አንዳንዶቹ ግድግዳውን ከመዳብ ሠርተው፣ በኤሌክትሪክ እያሞቁ፣ በየቦታው ሙቀቱን ይለካሉ። ሌሎቹ ደግሞ ልብስን ከብል ለመጠበቅ በሣጥን ውስጥ የምናስቀምጠውን ናፍታሊን አቅልጠው ግድግዳ ያደርጉታል፤ ነፋስም ያሳልፉበታል። ነፋሱ ጋቢውን በገፈፈበት ቦታ ናፍታሊኑ ፈጥኖ ይተናል፤ ነፋሱ ባልደረሰበት ቦታ ሳይጐድል ይቀራል። የጐደለውን ጥልቀት በመለካት ሙቀት በየት እንደሚነሣ፣ በየትስ እንደሚቀር ይታወቃል። በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ጄ ቺን ሃን የተባሉት ፕሮፌሰር በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን ደክመዋል፤ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ2000 ያሳተሙት መጽሐፍም ለዚህ ትምህርት ዋና መመሪያ ሆኖ ይኖራል።

እንደ እባብ የሚጠማዘዝ መተላለፊያ ያለው ምላጭ እንዴት እንደሚሠራ ስናይ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ያልሆነ ጥበብ እናገኛለን። በመጀመሪያ የመተላለፊያውን መልክ ከሸክላ ዐይነት ነገር ይሠሩታል። በእርሱ ዙሪያ ሰም አፍስሰው የምላጩን መልክ ይሰጡታል። ሰሙን በሌላ የሸክላ ቅርፊት ይሸፍኑታል። ከዚያም በሙቀት ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቦታውም የቀለጠው ብረት ይፈስሳል። ብረቱ ሲረጋ የውጪው ቅርፊት ይሰበራል፤ በውስጥ የቀረውም ሸክላ በሚበላ ፈሳሽ ሟሙቶ ሲወጣ መተላለፊያው ባዶ ይሆናል። በዛግዌ ዘመንና ከዚያም በኋላ በአገራችን ከነሐስ ከተሠሩት የመጾር መስቀሎች ብዙዎቹ የፈሰሱት በዚሁ በሰም ብልሃት ነው። የቅኔ ሊቃውንትም ሰምና ወርቅ የሚለውን ስም የወሰዱት ከዚሁ ከአንጥረኛው ሥራ ነው። የዛሬዎቹ ሠሪዎች የጨመሩበት ነገር ቢኖር፣ ብረቱ ሲረጋ በብዙ ቅንጣት እንዳይከፋፈል በጠመዝማዛ ጠባብ በር አንዱን ቅንጣት ብቻ አሳልፈው ምላጩን በሙሉ ከአንድ ቅንጣት ማሳደጋቸው ነው። ብረት በእሳት ውስጥ ሲጐተት የሚሸነፈው በቅንጣቶቹ ወሰን ላይ ነውና፣ ወሰን የሌለው ብረት ብዙ ይታገሣል። እንዲህ ያለው ምላጭ ከ1982 ጀምሮ በመንገደኞች አይሮፕላን ላይ ይሠራል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የተደረገለት ምላጭ በምን ሊጠፋ ይችላል? በአቧራ ነው። በግማሽ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ የገባ አሸዋ መንገዱን ይዘጋል፤ ነፋስ ያጣው ቦታም ይቃጠላል። ከአቧራም ሁሉ የእሳተ ገሞራ አመድ ይከፋል። ሰኔ 24 ቀን 1982 ከ260 የሚበልጡ ሰዎች የጫነ የብሪትሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 አይሮፕላን በኢንዶኔዥያ ሰማይ ላይ በሌሊት ሲበር፣ ጋሉንጉንግ ከተባለው ተራራ ወደ ወጣ አመድ ገባ። አመዱ በሞተሮቹ እሳት ውስጥ ቀለጠና ነፋስ በቀዘቀዙት ብረቶች ላይ እንደ መስተዋት ረግቶ መንገዱን ዘጋው። አራቱም ሞተሮች ጠፉ። አይሮፕላኑ ከ11,000 ሜትር ከፍታ ያለ ሞተር እየወረደ 4,000 ሜትር ያህል እስኪደርስ ተጓዘ። በዚህ ጊዜ ሞተሮቹ በርደው የረጋው መስተዋት ከፊሉ ተሰብሮ ስለ ወደቀ እንደገና ተነሡ፤ አብራሪዎቹም በጃካርታ በደኅና አረፉ። በታኅሣሥ ወር 1989 በአላስካ የሆላንድ አየር መንገድን አይሮፕላን እንዲሁ ያለ አደጋ አገኘው፤ እርሱም ሞተሮቹን አስነሥቶ ዳነ።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በኅዳር ወር 2025 በአፋር ምድር የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ አገር ደረሰ። በዚያም አንዳንድ በረራዎች ተሰረዙ፤ በአመዱ አካባቢ ያለፉ አይሮፕላኖችም ለጥንቃቄ ተመረመሩ። የበረራ መሰረዝ መንገደኛን ያጕላላል፤ ባለ ገንዘብንም ያሳዝናል። ነገር ግን ከላይ የተነገረውን የምላጩን ቀጭን ቀዳዳ ያሰበ ሰው ትእዛዙ ከፍርሃት ሳይሆን ከዕውቀት የወጣ መሆኑን ይረዳዋል።

የጥበቃው ልክ ሲገኝ የሚገኘው ጥቅምም ታላቅ ነው። በፈረንሳይ አገር ቡሼን በተባለ ስፍራ በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከጋዝ ተርባይኑ የሚወጣውን ትኩስ ጢስ እንደገና ውኃ ለማፍላት ስለሚያውለው፣ ከነዳጁ ሙቀት ከመቶ 62 እጅ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ለወጠ። ይህ ሊሆን የቻለው ብረቱ ሊቋቋመው በማይችለው እሳት ውስጥ በመሥራቱ ነው፤ በዚያም እሳት ውስጥ ሊሠራ የቻለው በውስጡ ስለሚያልፈው ነፋስ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን የጄት አይሮፕላኖች የተቀበለው በ1962 ነበር። በ2012 ቦይንግ 787ን፣ በ2016 ደግሞ ኤርባስ ኤ350ን ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ አምጥቷል። እነዚህ ሁለቱ የኋለኞቹ አይሮፕላኖች ከላይ በተነገረው ነፋስ የሚጠበቁ ምላጮች ያሉባቸው ናቸው። የሞተር ሠራተኞች ቦሮስኮፕ የሚባለውን ቀጭን መመልከቻ በሞተሩ ጐን አስገብተው ምላጮቹን አንድ በአንድ ይመለከታሉ፤ የተዘጋ ቀዳዳ፣ የተላጠ ሽፋን፣ የፀጕር ያህል ስንጥቅ ይፈልጋሉ። በዚህ ጊዜ አይሮፕላኑ ይቆማል፤ ገቢም ይቀራል። ሠራተኛው ምንም ሳያገኝ የወጣ እንደ ሆነ ድካሙ ከንቱ የሆነ ይመስላል። እውነቱ ግን ምንም አለመገኘቱ የቀደመው ጥበቃ ፍሬ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ የበጀት ጊዜ ሲደርስ አስቀድሞ እንዲቀነስ የሚታሰበው ለጥገናና ለጥበቃ የተመደበው ገንዘብ መሆኑን የማያውቅ የለም። ድልድይ ሲሠራ ይመረቃል፤ ድልድዩን ለሚጠርግና ለሚጠግን ሰው ግን የሚመረቅለት ቀን የለውም። የጋዝ ተርባይን ሠሪዎች ግን ከትንፋሹ ሁለት አሥራት የማይከፍል ሞተር ሠርተው ቢሆን ኖሮ በወረቀት ላይ ብርቱ፣ በሰማይ ላይ ግን የጥቂት ደቂቃ ሞተር በሆነ ነበር። በሌላ ወገን ደግሞ የጠየቀውን ሁሉ ነፋስ ለጥበቃ የሰጠ መሐንዲስ አልተመሰገነም፤ ነዳጅ አባካኝ ተባለ እንጂ። የተመሰገነው ሸንተረሩን በቦታው አድርጎ፣ ቀዳዳውን በልኩ ከፍቶ፣ በጥቂት ነፋስ ብዙ ሙቀት ያነሣው ነው።

እንግዲህ ለጥበቃ የሚወጣውን ወጪ የሚፈርድ ሹም ሁለት ጥያቄ ሊጠይቅ ይገባዋል። አንደኛው፣ ይህ ወጪ ቢቀር የሚቃጠለው ነገር ምንድር ነው? የሚል ነው። ሁለተኛውም፣ የምንሰጠው ነገር በእርግጥ የጋለውን ቦታ ይደርሳልን? ወይስ በመካከል እየሮጠ ግድግዳውን ሳይነካ ያልፋል? የሚል ነው። ፊተኛውን ጥያቄ ያልጠየቀ ሰው ምላጩን ያቀልጣል፤ ሁለተኛውን ያልጠየቀ ደግሞ ሀብቱን ለነፋስ ይሰጣል።